«ጠጋ በሉ»ን የቀረጽንበት በልግ

መጋቢት 6 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ዛሬ ቀረጻ ጀመርን። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ከአርባ ምንጭ ወደ ምዕራብ ዓባያ፣ ማታ ደግሞ ወደ ቤቴ በሚኒባስ ስመላለስ ኖሬያለሁ። አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በመንገዱ የሰማሁት ጭቅጭቅ፣ ስብከት፣ የወንበርና የዶሮ ክርክር ሁሉ ተጠራቅሞ «ጠጋ በሉ» የሚባል የፊልም ድርሰት ወጣው። አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ቀን፣ ለዐሥራ ሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሃያ አንድ ሰው። ሰው እንዲስቅ ነው የጻፍኩት።

ሾፌሩን የሚጫወተው ራሱ ሾፌሩ አጵሎስ ነው። እነዚያን ስድስት ዓመታት ያመላለሰኝ እሱ ነው። መሪ ጨብጦ አንድ ቃል ከተናገረ ከኋላ ያለው ሁሉ ይስቃል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ከየት አመጣለሁ? ረዳቷን የምትጫወተው ሉሊት ናት። የድሮ ተማሪዬ ነበረች፤ አሁን ሴቻ ሰፈር መድኃኒት ቤት ትሠራለች። በዚህ መስመር ሴት ረዳት ታይታ አታውቅም፣ ቀልዱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ካሜራ የያዘው ሠርግ ቀራጩ ምሥጋና ነው። አጵሎስ የሚነዳው መኪና በሲቀላ ሰፈር ገበያ የጅምላ መደብር ያላቸው የጋሽ ጀይሉ ነው። «ቅዳሜና እሁድ ከሥራ ሲተርፍ ውሰዱት» ብለውናል።

ሶዶ ላይ የፊልም ውድድር አለ። ማስገቢያው ግንቦት 15 ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ከትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ በቀር የጻፍኩትን የሰማ የለም።

መጋቢት 7፣ እሁድ

ከአምልኮ መልስ ኩልፎ ድልድይን አልፈን ቀረጽን። አጵሎስ ድርሰቱ ላይ የሌለ ነገር አደረገ። መንገድ ዳር በቅጠል የተሸፈነ የሙዝ ክምር ነበር። መኪናውን አቀዝቅዞ በመስኮት፣ «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ። ጠጋ ይሉልዎታል» አለው፤ ሙዙን ነው። መልስ ሲያጣ «ተቀይመዋል» ብሎ ነዳ። ሉሊት በሩ ላይ ተንጠልጥላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ምሥጋናም እጁ ስለተንቀጠቀጠ ምስሉ ተበላሸ።

«ድገመው» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ አጵሎስ።

አነጋገሩ ራሱ ያስቃል። ተሰጥኦ ማለት ይህ ነው።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ነዳጅ ሰልፍ። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት። አንዲት ትዕይንት ብቻ። ምሥጋና ለሠርግ ሄደ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዛሬ ወደ ሥራ ስሄድ አጵሎስ አዲስ ነገር አምጥቷል። «ከፊት የተቀመጠ ሰው አይተኛም፤ መንገዱን ያነብልኛል» አለ። ከጎኑ የነበሩት ሴትዮ «ፍየል» ይላሉ፤ «ጋሪ፣ ከቀኝ» ይላሉ፤ «ጉድጓድ» ይላሉ። ከኋላ ያሉት «አሜን» ብለው ይመልሳሉ። እስከ ምዕራብ ዓባያ በሳቅ ደረስን። ረዳቱ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን ያይ ነበር።

ማታ «መንገድ አንባቢ» ብዬ ድርሰቱ ውስጥ አስገባሁት። ይህ የፊልሙ ልብ ነው።

መጋቢት 21፣ እሁድ

«መንገድ አንባቢ» ተቀረጸ። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም። መንገደኞች ቆመው እያዩን ይስቁ ነበር።

ስንጨርስ ሉሊት ስለ አጵሎስ አንድ ነገር አለችኝ። ድካም ይሆናል አልኳት። እሷም ደክሟታል።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ዕድላዊት ባለቤቴ የመዘምራን ልምምድ ላይ ስላልተገኘሁ ተቀይማኛለች። «ሰው ለማሳቅ የምትደክመውን ያህል ቤትህ ውስጥ ፈገግ ብትል» አለች። እውነቷን ነው። እህል ሲቀርብልኝም የማስበው ትዕይንት ነው። የበቆሎው ኩርኩፋ ፊቴ እንደቀረበ ቀዘቀዘ።

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ሉሊት ከቀረጻ በፊት ወደ ጎን ጠራችኝ።

«ቲቸር፣ ባለፈው የነገርኩዎትን ረሱት?»

«ምኑን?»

«አጵሎስ አያይም። ፊት ለፊቱ ያያል፤ ጎንና ጎኑን ግን አያይም። ማክሰኞ መድኃኒት ቤት መጥቶ ያለ ሐኪም ወረቀት የዓይን ጠብታ ስጪኝ አለ። እያወራሁት እጄን በጆሮው ትይዩ አወዛወዝኩ። ምንም።»

«ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ነው፣ ሉሊት።»

«የሚያየው በዓመት ነው እንዴ፣ ቲቸር?»

ወደ ሥራችን እንመለስ አልኳት። ብርሃኑ እየሄደብን ነበር። ዛሬ ጥሩ ሠራች፤ ግን በሩን ይዛ ስትቆም ዓይኗ ከአጵሎስ አልተነቀለም።

ሚያዝያ 5፣ እሁድ

በዕረፍት ሰዓት አጵሎስ በመተላለፊያው ላይ የነበረ ወንበር መትቶ በግንባሩ ወደቀ። ሁሉም ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። ወንበሩን ማን እዚያ እንዳስቀመጠው አልታወቀም።

የነበረው በጎኑ እንጂ በፊቱ አልነበረም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ምዕራብ ዓባያ መናኸሪያ፣ መኪናው እስኪሞላ ከአጵሎስ ጋር ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ረዳቱ «አርባ ምንጭ፣ አርባ ምንጭ» እያለ ይጣራል።

«መምህር፣ ወንበሩን ያስቀመጥከው አንተ ነህ» አለኝ።

አልካድኩም።

«ደግ አደረግህ። ራሴ ከምነግርህ ይሻላል።» እጆቹን እንደ ቱቦ ጠቅልሎ ዓይኑ ላይ አደረጋቸው። «እንዲህ ነው የማየው። በቀዳዳው ውስጥ ያለው ጥሩ ነው። ከቀዳዳው ውጭ ያለው የለም። ሲመሽ ደግሞ ቀዳዳውም ይዘጋል። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። የሞተው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው አለ።»

«መቼ ነው ይህን ያለህ?»

«አምና።»

«ኢየሩስ ታውቃለች?»

«ሚስቴ? አታውቅም። ሦስት ልጆች አሉን፣ መምህር። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።»

ስለ ሙዙ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ።

«ሴትዮ መስለውኝ ነው። ስትስቁ አፈርኩና ቀጠልኩበት።»

ብዙ ተነጋገርን። ፊልሙ እስኪያልቅ እንዲቆይ ተስማማን። የቀሩን አራት የቀረጻ ቀናት ናቸው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ መንገዱን አነብለታለሁ። ከዚያ ለጋሽ ጀይሉ ሄዶ ራሱ ይነግራቸዋል። ለሁለታችንም የሚሻለው ይህ ነው። ተስማማን።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ወደ ሥራ በሌላ መኪና ሄድኩ። የአጵሎስ ተራ ደርሶ ነበር፤ ቀጣዩን ጠበቅኩ። የማርመው የፈተና ወረቀት ስለነበረኝ ነው፤ በእሱ መኪና ሳቁ ሥራ አያሠራም።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ስቅለት። ዕድላዊት ነገ ለመዝሙር ምዕራብ ዓባያ ትሄዳለች። በአጵሎስ መኪና እንዳትሄጂ አልኳት።

«ለምን?»

«ጎማው አልቋል።»

«ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ለሚሳፈሩትስ?»

ሰው የራሱን ጉዳይ ራሱ ያያል አልኳት። ሰሃኖቹን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «በአጵሎስ መኪና ስትሄድ መንገዱ አይታወቅህም» አለ አንዱ። ሌላው፣ «እኔ ሌላ መኪና መሳፈር ትቻለሁ። ልጆቹንም በእሱ ነው የምልካቸው» አለ።

ሰላም ብዬ አለፍኳቸው።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ቀረጻ። ከጎኑ ተቀምጬ አነበብኩ። ደህና ዋልን። ምንም የለም። ፍርሃቱ በከንቱ ነው። ሁለት ትዕይንት ተጠናቀቀ።

ሚያዝያ 19፣ እሁድ

ደህና። አንድ በሬ ብቻ። በጊዜው ተናገርኩ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ቀኑን ሙሉ። ሐይቁ ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሏል፣ ምንም አይታይም። ቀረጻ የለም። የቀረን ተራራ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ቁልቁለት ብቻ ነው። ማስገቢያው ሃያ ቀን ቀረው፤ ምሥጋና ደግሞ ለቅንብሩ ብቻ ዐሥር ቀን እፈልጋለሁ ይላል። በመስኮት እያየሁ ዋልኩ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አጵሎስ ሰው ሞልቶ በዝናቡ ሲያልፍ አየሁት። ጥሩንባ ነፋልኝ ልበል? ለሌላ ሰው ይሆናል።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ሉሊት ደወለች። ቅዳሜ እንደማትመጣ ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። ሰው እስኪወጣላት ጠበቅኩ።

«ያለ አንቺ ፊልም የለም» አልኳት። «የቀረው አንድ ቀን ነው።»

«ቲቸር፣ እርስዎ ያውቃሉ አይደል?»

«ምኑን?»

«ዓይኑን።»

«ታክሟል» አልኳት። «መነጽር ታዞለታል። ሳምንት ውስጥ ይደርሳል።»

ፊቴን ስታየኝ ቆየች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ጥያቄ ጠይቃኝ ሳላውቀው ስቀር እንዲህ ታየኝ ነበር። በመጨረሻ፣ «እርስዎ ካሉ ይሁን» አለች።

ያን ያህል ትልቅ ነገር አይደለም። መነጽርም ሊታዘዝለት ይችላል።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ዛሬ ኦቾሎ። የመጨረሻው ቀን። ሰማዩ ጠርቷል። ዕድላዊት ዳቦ ቋጥራልናለች።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

መኪናው ተገለበጠ። ሉሊት ሆስፒታል ናት። አጵሎስ ፖሊስ ጣቢያ። ምሥጋና ትከሻው። እኔ ግንባሬ ላይ ትንሽ ጭረት። ትንሽ። ሰው ያየዋል ብዬ በቆብ ሸፈንኩት።

ዛሬ ጠዋት እግሯን ቆረጡት። ቀኙን፣ ከጉልበት በታች።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ

እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

ኦቾሎ ላይ ቀረጻው እስከ ስምንት ሰዓት ደህና ሄደ። የመንደሩ ሰዎች ተሳፋሪ ሆነው ሠሩልን። የሉሊት አባት ሸማኔ ናቸው፤ መጥተው ልጃቸው በሩ ላይ ሆና «ጠጋ በሉ» ስትል አይተው ሳቁ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። እስኪያባራ በአባቷ ቤት ተቀመጥን። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲል ዝናቡ ወደ ካፊያ ወረደ፣ ሸለቆው በጉም ሞላ። ሉሊት «እዚሁ እንደር» አለች። አባቷም «እደሩ» አሉ። እኔ ጉሙን አየሁት። መኪናው በጉም ውስጥ ሲወርድ የፊልሙ መጨረሻ ይህ ነው አልኩ።

አጵሎስ የመኪናውን ጎን በእጁ እየዳበሰ ዞሮ ገባ።

አራት ነበርን። አጵሎስ መሪ ላይ፣ እኔ ከጎኑ፣ ምሥጋና ከኋላችን፣ ሉሊት በሩ ላይ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ጎርፉ በልቶታል። ጎማው እዚያ ገባ። መኪናው በበሩ በኩል ወደቀ። ሉሊት የነበረችው እዚያ ነው።

መንገዱ ተሸርሽሮ ነበር። ማንም ሾፌር ቢሆን።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ለትራፊክ ፖሊሱ ቃሌን ሰጠሁ። ዝናቡን ነገርኩት፣ የተበላውን ጠርዝ ነገርኩት።

«ሾፌሩ ዓይኑን ያመው እንደነበር ራሱ ተናግሯል። እርስዎ ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ሾፌሩም እንዲሁ ነው ያለው። ከራሴ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ሁሉንም ደብቄያቸው ነው ብሏል።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፈረምኩ።

ስወጣ ጋሽ ጀይሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስለ መኪናው አላነሱም።

«ኦይታ፣ ስድስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጠሃል» አሉኝ በስሜ ጠርተው። «አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርክም?»

«አልጠረጠርኩም፣ ጋሽ ጀይሉ።»

«እኔ ሰው ጭኜበታለሁ። በየቀኑ። አላህ ይጠይቀኛል።» ወንበር ፈልገው በሩ ሥር ቁጭ አሉ። አጠገባቸው መቆም አልቻልኩም።

ግንቦት 10፣ እሁድ

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ። ስገባ አባቷ ተነሥተው ጨበጡኝና ውኃ ሊያመጡ ወጡ።

ሉሊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ሳትዞር፣ «መነጽር ታዞለታል ብለኸኝ ነበር» አለች።

አንተ አለችኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እርስዎ ስትለኝ ነው የኖረችው።

«ለፖሊስ ምን አልክ?»

«የጠየቁኝን መለስኩ።»

«አውቅ ነበር አልክ?»

ብርቱካኑን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ።

«እኔንም ጠይቀውኛል። አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ዝም አልኩ። አስተማሪዬ ነው፣ ከእኔ አፍ አይሰሙትም ብዬ።» ያኔ ዞረች። ፊቷ ጠውልጓል፣ ግን አላለቀሰችም። «መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው። ታውቃለህ።»

አባቷ ውኃ ይዘው ተመለሱ። ጠጣሁ፣ አመሰገንኩ፣ ወጣሁ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

የማስገቢያው ቀን። ምሥጋና ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ መጣ። ያለንን ቀጣጥሎ ሃያ ደቂቃ አድርጎታል። «እናስገባው» አለኝ። «አደጋ እንደደረሰብን ብንጽፍበት ያዩልናል። ሰው ያዝናል።»

አሳየኝ። ሙዙ መጣ። ሳቅኩ። ሳላስበው ወጣብኝ፣ ድምፄን ዕድላዊት ከጓዳ ሰማችው። ምሥጋና ተስፋ አድርጎ ያየኛል።

አናስገባውም አልኩት። ተጨቃጨቅን። «የእኔም ሥራ ነው እኮ» ብሎ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። ከማፍርበት ነገር አንዱ ይህ ነው፦ ከሄደ በኋላም ሰዓት እያየሁ ነበር። እስከ ዐሥራ አንድ ተኩል ጊዜ ነበረው።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎች ኦቾሎ ላይ ለእርቅ ተሰበሰቡ፣ ነገር በሚታይበት በዱቡሻው ሜዳ። አጵሎስ ታስሯልና በእሱ ፈንታ ሚስቱ ኢየሩስ ቀረበች። እኔ በአጵሎስ ወገን ተቀመጥኩ፤ ለአደጋው ምስክር ተብዬ ነው የተጠራሁት። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው በሉሊት አባት ፊት ተንበረከኩ። እኔም አብሬ ተንበረከክሁ።

ዋናው ሽማግሌ በጋሞኛ ተናገሩ፣ ቀስ ብለው። ያልተነገረ ነገር ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር፤ በተሸፈነ ነገር ላይ የታረቀ ሰው ቤት ሰላም አይገባም አሉ። እኔ ዓይኔን ከሣሩ ሳላነሣ ተንበርክኬ ቀረሁ። ኢየሩስ መሬት መሬት እያየች ታለቅስ ነበር። ለካ እሷም እንደ ሌላው ሰው የሰማችው ከአደጋው በኋላ ነው።

የሉሊት አባት፣ «ሰውየው ልጄን ሊጎዳ አልተነሣም። እንጀራ አስጨንቆት ነው። ይቅር ብያለሁ» አሉ። ሣሩን ተቀበሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው በትከሻዬ ያዙኝ። «አንተም ተርፈህልናል» አሉኝ።

ተሳፍሬ መውረድ አልቻልኩም። ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የመስታወት ስባሪ አሁንም አለ።

ግንቦት 24፣ እሁድ

ከመጋቢት ጀምሮ የጻፍኩትን አነበብኩ። በራሴ ደብተር ላይ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ዋሽቻለሁ።

ማንጎው ሥር አልተስማማንም። አጵሎስ፣ «ዛሬ ማታ ለጋሽ ጀይሉ እነግራለሁ፣ ቁልፉን አስረክባለሁ» ነው ያለው። እኔ ነኝ አራት ቀን ብቻ ያልኩት። እሱ «ተሳፋሪውስ?» አለኝ። «ረዳት አለህ፣ ስድስት ዓመት ምን ሆንን?» አልኩት። እምቢ ሲል ደግሞ ፊልሙ ካሸነፈ ስሙ ይወጣል፣ ሌላ ሥራ ያገኝበታል አልኩት። ይህን ስለው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አይቻለሁ። አመነኝ።

ለተሳፋሪው ሁሉ ያልነገርኩትን ለሚስቴ ጎማ ነው ብዬ ነገርኩ። እኔ ራሴ የእሱን ትቼ ሌላ መኪና ያዝኩ።

መታጠፊያው ላይ መንገዱን ማንበብ የእኔ ሥራ ነበር። ምሥጋና የቀረጸውን ሊያሳየኝ ካሜራውን ወደ ፊት ዘረጋልኝ፤ እኔም ዞርኩ። አጵሎስ «መምህር፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» አለኝ። ሰምቼዋለሁ። «ቆይ» አልኩት። የካሜራውን ትንሽ መስታወት እያየሁ እስቅ ነበር።

ይህን ለዕድላዊት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ «ያን ቀን እኔን አስወርደህ ሌላውን አሳፈርህ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ፤ አንተ ትገባለህ፣ እኔ ውጭ እጠብቃለሁ» አለች።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ቃሌን ለወጥኩ። የትራፊክ ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። «ይህ እርስዎንም እንደሚያስጠይቅ ይገባዎታል?» አለኝ። ይገባኛል አልኩት። ሁሉንም ጻፈ፤ የመነጽሩንም፣ የ«ቆይ»ንም። በዋስ ወጣሁ።

ከዚያ ጋሽ ጀይሉ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ወደ መደብሩ ውስጥ ገቡ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልተመለሱም።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

ርእሰ መምህሩ ጉዳዩ እስኪታይ ክፍል እንዳልገባ ነገሩኝ። ጠመኔዬን ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።

ለሉሊት ደውዬ ነገርኳት። ቃሌን እንደለወጥኩ፣ ለአባቷም ራሴ ሄጄ እንደምናገር።

«ለእኔ ብለህ ከሆነ ዘግይተሃል» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አባቴ በሰማ ጊዜ ሣሩን ያቃጥለዋል።»

«ያቃጥሉት። መብታቸው ነው።»

«መብቱ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ» አለችና ዘጋችው።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ኦቾሎ ሄጄ ለአባቷ ነገርኳቸው። ከሽመና ጉድጓዳቸው ሳይወጡ ሰሙኝ። ስጨርስ ክሩን በጣታቸው ቋጠሩና ሥራቸውን ቀጠሉ። ወደ በሩ ስሄድ፣ «ሽማግሌዎቹ እንደገና ይሰብሰቡ። ያን ጊዜ በአጵሎስ ፈንታ ሳይሆን በራስህ ፈንታ ና» አሉ።

ሰኔ 8፣ እሁድ

አጵሎስን ልጠይቅ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ኢየሩስ ሙዝና ዳቦ ልካለች፤ እሷ ራሷ እስካሁን ልትመጣ አልፈለገችም። አንድ እስረኛ ክንዱን ይዞ አመጣው። ባለፈው ወር እንዲህ አልነበረም። ጠብታው ሁለት ሳምንት ተቋርጦበት እንደነበር ነገረኝ። አሁን ቀዳዳውም ጠቦ የመርፌ ያህል ሆኗል።

አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቃሌን መለወጤን ሰምቷል።

«ምን አደከመህ?» አለኝ። «አንድ ሰው ይበቃ ነበር። አንተም ልጆች ታስተምራለህ።»

«እውነቱ እንደዚያ አልነበረም፣ አጵሎስ።»

«አይ፣ አልነበረም» አለ። ቀጥሎ፣ «ሉሊት ቆመች?» አለኝ።

«በክራንች ትሄዳለች። መድኃኒት ቤቱ ወንበር ላይ ሆና እንድትሠራ ፈቅዶላታል።»

ራሱን ነቀነቀ። በግቢው ውስጥ እስረኞች ኳስ ይጫወታሉ፣ እሱ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ፊልሙን አይቼው አላውቅም። ምሥጋና ያንን ትንሽ መስታወት ሲያሳየኝ አያለሁ ብዬ እስቅ ነበር እንጂ ምንም አይታየኝም ነበር። ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ሰው ይስቅ ነበር?»

«በጣም።»

«በእኔ ነው ወይስ በዓይኔ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን የምለው አላጣም ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ቃላት አስተምሬያለሁ።

«በዓይንህ» አልኩት።

ሙዙን ላጠና ግማሹን ቆርሶ እጁን ዘረጋ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባዶው ቦታ ነበር የዘረጋው። ተጠግቼ ተቀበልኩት። ጠባቂው ሰዓት ደርሷል እስኪለን አብረን በላን።